ትምባሆ ማቆሚያው መድኃኒት በብድር መዝገባችን ላይ
በግንቦት 23 የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ዛሬ ግንቦት 23 ነው። በመላው ዓለም ከትምባሆ ነፃ ቀን ተብሎ ይታሰባል። እኛ የሂሳብ ክፍል ሰዎች ፊታችሁ የምንቆመው አብዛኛውን ጊዜ የቁጠባና የብድር ሪፖርት ልናሰማ ነው። ዛሬ ስለ ጤና እንድንናገር ስንጠየቅ አንዳንዶቻችሁ «ሂሳብ ሠራተኛ ስለ መድኃኒት ምን ታውቃለች?» ብላችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሐኪሞች አይደለንም። ዛሬም ግን ከመዝገባችን አልወጣንም። የምንነግራችሁ በብድር መዝገባችን ላይ ስለ ሰፈረ አንድ መስመር ነው።

መስመሩ «ለመድኃኒት መግዣ፣ 3,000 ብር» ይላል። ተፈርሞበታል፣ ተከፍሏል፣ ተመልሷልም። በሂሳብ ዓይን እንከን የለውም። ጥፋታችን ግን እዚያው መስመር ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንናገራለን። ታሪኩ እንዲነገር እህታችንም ባለቤቷም ወንድሟም ፈቅደዋል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም።

እህታችን መናኸሪያው አካባቢ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ብርቱ ሴት ናት። ባለቤቷ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከእኛ ከተማ ድንች ጭኖ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። 250 ኪሎ ሜትሩን መንገድ የሚገፋው በጫትና በሲጋራ ነበር። ሲመለስ ቤት ውስጥ ያጨሳል። ቤታቸው አንድ ክፍል ስለሆነ ጭሱ የልጆቹን ብርድ ልብስ ሳይቀር ገብቶበታል። ትንሿ ልጃቸው በየወሩ ትታመም ነበር። ባልየው ደጋግሞ ሊያቆም ሞከረ፤ በሦስተኛው ቀን ቁጣው ቤቱን ስለሚያምሰው፣ ሚስትየው ራሷ «እባክህ ወጥተህ አጭስና ተመለስ» ያለችበት ጊዜ ነበር።

በመጨረሻ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ትምባሆ ለማቆም የሚረዳ ኪኒን በብልቃጥ ላከ። ብልቃጡ ተከፍቷል፤ ዘመድየው ራሱ ጀምሮ የተወው ነው። ኪኒኑ ቡፕሮፒዮን ይባላል። ባልየው ሐኪም ሳያይ ጀመረ፤ ደህና ሆነለት፤ ሲጋራው አስጠላው። እህታችን በደስታ ወደ እኛ መጣች፤ ያለው ሳያልቅ ሁለተኛ ብልቃጥ ከመንገደኛ ለመግዛት ብድር ጠየቀች። እኛም ደስ አለን። «ይህስ የተባረከ ብድር ነው» ብለን ፈረምን። ለንግድ ሲሆን የዕቃ ዋጋ ማቅረቢያ ካላያችሁ አንፈርምም እንላለን። ለመድኃኒት ግን «የሐኪም ወረቀት የታለ?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ብልቃጥ ሲመጣ የመጀመሪያው ትርፍ ሆነ። ባልየውም በቅንነት ከዚያ ላይ ቆጥሮ ለሚስቱ ታናሽ ወንድም ሰጠው። ልጁ 24 ዓመቱ ነው፤ እሱም ያጨሳል። «በቀን ሁለት ጊዜ» ተብሎ ተነገረው። አንድ ቀን ረስቶ ሳይወስድ ዋለ፤ በማግስቱ የጎደለውን ለማካካስ ሁለቱን ባንድ ላይ ዋጠ። ያን ዕለት ጫት ሲቅም ውሎ ነበር፤ እንቅልፍም አልወሰደውም። ሌሊት ላይ ወደቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አረፋ ደፈቀ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። እንደ ልማዳችን ክብሪት ተጭሮ አፍንጫው ላይ ተያዘ። በአፉ ማንኪያ ለማስገባትም ተሞከረ። በባጃጅ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ «ምን የሚወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ቤተሰቡ ተያየ። አንዱ አፍሮ፣ አንዱ ፈርቶ፣ «ምንም» አሉ። ብልቃጡን ከቤት ሮጣ ያመጣችው እህታችን ናት። ያኔ ነው እናትየው እያለቀሱ ልጁ በሰባትና በስምንት ዓመቱ የሚጥል በሽታ እንደነበረበት የተናገሩት። ሰው እንዳይሰማ ተብሎ ከዘመድም ከጎረቤትም ተደብቆ የኖረ ነገር ነው።

ልጁ ተርፏል፤ ተመስገን። እኛ ግን ያን ሳምንት መዝገቡን ስንገልጥ ያቺ መስመር አላስቀመጠችንም። ገንዘቡ ተመልሷል፤ ልጁ ባይመለስ ኖሮስ በየትኛው ዓምድ ይመዘገብ ነበር?

ከዚያ በኋላ አንዲት ነርስና አንድ የፋርማሲ ባለሙያ ቡና ላይ ጋበዝን፤ ሦስት ቅዳሜ ጠየቅናቸው። የተማርነውን እንደ ልማዳችን በየረድፉ ጻፍነው። እነሆ።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ክፉ አይደለም። ይህን ቀድመን የምንናገረው ከታሪኩ በኋላ «ሁለተኛ ኪኒን የሚባል አታሳዩን» ያላችሁ ስለነበራችሁ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የኒኮቲን ምትክን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቡፕሮፒዮንንና ቫሬኒክሊንን ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ላይ ደግሞ አዋቂዎች ትምባሆ እንዲያቆሙ የሚረዳ የመጀመሪያውን የሕክምና መመሪያ ሲያወጣ፣ እነዚህን ሦስቱንና ሳይቲሲን የተባለውን አራተኛ ደገፈ። ሁሉም ከምክር ጋር ቢሰጡ የተሻለ እንደሚሠሩ ነው የሚለው። ትምባሆ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒቱን ከመፍራት ይልቅ ሲጋራውን መፍራት ይሻላል። የእኛ ስህተት ኪኒኑን ማመናችን ሳይሆን ያለ ሐኪም መያዛችን ነው።

ሁለተኛው ትምህርት፣ መድኃኒቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም።

የኒኮቲን ምትክ የሚባለው በማጣበቂያ፣ በማስቲካ ወይም በሚመጠጥ ከረሜላ መልክ ይመጣል። ሰውነት የለመደውን ኒኮቲን ያለ ጭሱና ያለ ሬንጁ በልክ ይሰጣል፤ ከዚያ ልኩ እየቀነሰ ይሄዳል። ማጣበቂያው በየቀኑ በንጹሕና በደረቅ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቦታው ይቀያየራል። ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም፤ ጥቂት ይታኘክና ቃጠሎው ሲሰማ በጉንጭና በድድ መካከል ይቀመጣል፤ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ይታኘካል። ዝም ብሎ የሚያኝክና ምራቁን የሚውጥ ሰው ሆዱ ይረበሻል፣ ስቅታ ይይዘዋል፤ «አልተስማማኝም» ብሎም ይተወዋል። ከመታኘኩ በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች ቡናም ለስላሳም አይጠጣም፤ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ እንዳይገባ ያግዳሉና። ያገለገለ ማጣበቂያ ታጥፎ ሕፃን በማይደርስበት ይጣላል፤ ውስጡ የሚቀረው ኒኮቲን ለልጅ መርዝ ነው።

ቡፕሮፒዮን፣ ያ የእኛ ኪኒን፣ መጀመሪያ ለድብርት የተሠራ ነው። የማጨስ ጉጉትን ይቀንሳል። ሲጋራው ከሚተውበት ቀን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል፤ መጀመሪያ በቀን አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ ሐኪሙ ካለ ሁለት ጊዜ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 8 ሰዓት መኖር አለበት። ኪኒኑ ቀስ እያለ እንዲሟሟ ተደርጎ ስለሚሠራ አይሰበርም፣ አይፈጭም፣ አይታኘክም። የረሱትን ለማካካስ ሁለት ባንድ ላይ አይዋጥም። የሚጥል በሽታ ላለበት ወይም ለነበረበት ሰው፣ በምግብ መጥላትና በማስመለስ ሕመም ለተያዘ፣ ብዙ መጠጥ ይጠጣ የነበረና በድንገት ላቆመ ሰው አይሰጥም። አነቃቂ ነገር የሚወስድ ሰውም አደጋው ይጨምርበታል፤ ጫትም አነቃቂ ነው። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ልጅ ላይ ከዚህ ስንቱ ተደራረበ? ሐኪም ፊት ቢቀርብ ኖሮ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ «ይህ ላንተ አይሆንም» ይባል ነበር።

ቫሬኒክሊን ደግሞ በአንጎል ላይ ኒኮቲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ሰውየው ቢያጨስ እንኳ እንደ ድሮው አይጥመውም። ማቆሚያው ቀን ከመድረሱ አንድ ሳምንት ቀድሞ በትንሽ ልክ ተጀምሮ ከፍ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ 12 ሳምንት ይወሰዳል። ማቅለሽለሽ ስላለው ከምግብ በኋላ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይወሰዳል። ሕልምም ያበዛል። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ልኩ ይቀነስለታል። አንድ ጊዜ «አእምሮ ያውካል» ተብሎ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ነበር፤ በኋላ ከ8,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2016 እ.ኤ.አ. ያን ማስጠንቀቂያ አነሳው። ቢሆንም በሚወስደው ሰው ላይ ያልተለመደ ኀዘን፣ ቁጣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከታየ ቤተሰብ ዝም ማለት የለበትም፤ ያኑኑ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች በየፋርማሲው ላይገኙ ይችላሉ። ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከሻንጣ፣ ከመንገደኛ፣ ከጎረቤት መሳቢያ የተገኘ ኪኒን ምን ያህል ሙቀት እንዳገኘው፣ ጊዜው እንዳለፈ፣ ውስጡ በእርግጥ የተጻፈው ስለመሆኑ ማንም አያውቅም። እኛ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ አንቀበልም፤ ሰውነታችንስ ደረሰኝ የሌለውን ለምን ይቀበላል?

ሦስተኛው ትምህርት ብዙዎቻችንን ያስገረመን ነው። ሰው ሲጋራ ሲያቆም ሌሎች የሚወስዳቸው ነገሮች በሰውነቱ ውስጥ ይለዋወጣሉ። ጭሱ ጉበት አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገው ነበር፤ ጭሱ ሲቀር ያው መድኃኒት በደም ውስጥ ይከማቻል። ለአስም አሚኖፊሊን ወይም ቲዮፊሊን የሚወስድ፣ ለአእምሮ ሕመም ኦላንዛፒን ወይም ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ማቆሙን ለሐኪሙ ካልነገረ የድሮው ልክ ሊበዛበት ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውም ስኳሩን ቀረብ ብሎ መለካት አለበት። ለኤችአይቪና ለሳንባ ነቀርሳ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹም የቡፕሮፒዮንን ኃይል ይቀንሳሉ። ይህን ሁሉ በሰው ፊት ዘርዝሩ አንልም፤ ለሐኪሙ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገሩ። እሱ ዘንድ የሚደበቅ ምሥጢር ግን በራስ ላይ የሚቆፈር ጉድጓድ ነው።

ቡናም እንዲሁ ነው። ያጨስ የነበረ ሰው በቡና ውስጥ ያለውን አነቃቂ ቶሎ ያስወግድ ነበር። ሲጋራውን ሲተው ያቺው ሦስት ስኒ እጥፍ ያህል ትሠራበታለች። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይቆጣል። እኛም «የሲጋራው ሱስ ነው» እንላለን፤ ግማሹ ግን የእኛው ጀበና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባሏ ወይም ልጇ ሲጋራ በሚያቆምባቸው ሳምንታት አቦልን አቅርባ ቶናንና በረካን ብታስቀርበት ንፉግ አትባልም።

አሁን ስለ እኛ ስለ ሴቶች አንድ ቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ከ100 አዋቂ ወንዶች ወደ 8፣ ከ100 አዋቂ ሴቶች ደግሞ ወደ 2 ይጠጋሉ። ሁለት ትንሽ ትመስላለች። ሴቲቱ ግን ተደብቃ ስለምታጨስ ተደብቃ ነው የምትታመመው፤ ለማቆምም ማንን ታማክር? በገጠር ጋያ የሚያጨሱ እናቶችም አሉ። ከመካከላችን እንዲህ ያለች እህት ካለች፣ ይህ ማኅበር የመፍረጃ ቦታ እንዳልሆነ ትወቅልን። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች ደግሞ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱንም በራሷ አትጀምር። መጀመሪያ ሐኪሟን ታማክር፤ ሲጋራውን ማቆም ግን ለእሷም ለልጇም የሚሻል ነው።

ጥቂት ሂሳብ ካልሠራን እኛነታችን አይታወቅም። አንድ ሰው በቀን 10 ሲጋራ ያጨሳል እንበል፤ አንዱን በ5 ብር እንያዘው። በቀን 50 ብር ነው። በዓመት 18,250 ብር ይሆናል። አንዲት አባላችን በሳምንት 50 ብር ብትቆጥብ በዓመት 2,600 ብር ታስቀምጣለች። የአንድ ዓመት ሲጋራ የእሷን የ7 ዓመት ቁጠባ ይበላል። በ12 ሳምንት ሕክምና ጊዜ ብቻ ያልተገዛው ሲጋራ 4,200 ብር ነው። ያ ብር በየቀኑ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ቢጠራቀም የካርድና የምርመራ ወጪን ይሸፍናል፤ ከመድኃኒቱም ዋጋ ያግዛል። እህታችን ይህንኑ አድርጋለች፤ ባሏ ከጉዞ ሲመለስ የሲጋራውን ብር ከኪሱ ተቀብላ ጣሳው ውስጥ ትጨምራለች።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ትምባሆ መሸጥን፣ ማስታወቂያውንም ሺሻውንም ከልክሏል። በምግብ ቤትና በቡና ቤት የምትሠሩ አባሎቻችን «እዚህ አይጨስም» ስትሉ የምትለምኑት ውለታ አይደለም፤ ሕግ ነው።

ሰውየውስ እንዴት ሆነ የምትሉ አላችሁ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ብልቃጡን ይዞ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙ አልተቆጣውም፤ ደም ግፊቱን ለካ፣ ያለፈ ሕመሙን፣ መጠጡንና ጫቱን ጠየቀ፣ የተከፈተውን ብልቃጥ አስቀርቶ በስሙ አዲስ ማዘዣ ጻፈለት፣ ማቆሚያ ቀን አስቆረጠው፣ በየሁለት ሳምንቱ እንዲመለስ አዘዘ። አንድ ጊዜ መኪናው ዝዋይ አጠገብ ተበላሽቶ ሲያድር አጨሰ። «አለቀ፣ ተሸነፍኩ» ብሎ ሊተወው ነበር፤ ነርሷ «የወደቀ ይነሳል፤ የጀመርከውን ጨርስ» አለችው። ጨረሰ። አሁን ከስድስት ወር አልፎታል። ጫቱን ገና እየታገለው ነው። የእህታችን ወንድም ግን ጨርሶ አልተወም። ኪኒኑ ለእሱ ስለማይሆን ከሐኪሙ በሚያገኘው ምክር ነው የሚጓዘው፤ ከቀን አሥር ወደ ሁለት አውርዷል። ያንንም እናመሰግናለን፤ በሁለቱም ላይ ግን አንተኛም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የብድር ኮሚቴውና የሂሳብ ክፍሉ የተስማማንበትን እናንብብ።

አንደኛ፣ ለመድኃኒት የሚጠየቅ ብድር በሐኪም ማዘዣ ላይ ብቻ ይፈቀዳል፤ ገንዘቡ የሚወጣው ፈቃድ ካለው ፋርማሲ በሚመጣ ዋጋ ነው። ማዘዣው የሚታየው በአንዲት የኮሚቴ አባል ብቻ ነው፤ የበሽታው ስም በመዝገብ አይጻፍም።

ሁለተኛ፣ ማዘዣ ለሌላት ሴት «አይሆንም» ብለን አንመልሳትም። የካርድና የምርመራ ወጪ ከማኅበራዊ ፈንዱ ያለ ወለድ ይሰጣታል። በሩን ዘግተን ወደ ሻንጣ ነጋዴ ልንገፋት አንፈልግም።

ሦስተኛ፣ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው እነዚህን አምስት ነገሮች ጽፎ ይያዝ፤ አሁን የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፤ ወድቆ ወይም ተንቀጥቅጦ የሚያውቅ መሆኑን፤ የአእምሮ፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም መኖሩን፤ መጠጥና ጫት መጠቀሙን፤ ሴት ከሆነች እርግዝናና ማጥባቷን። መጻፍ ለማይችሉ እኛ እንጽፋለን።

አራተኛ፣ በስም የታዘዘ ኪኒን ለሌላ ሰው አይሰጥም። ሽሮና በርበሬ እንበዳደር፤ ኪኒን ግን አንበዳደርም።

አምስተኛ፣ ሰው ተንቀጥቅጦ ሲወድቅ ክብሪት አይጫርም፣ በአፉም ምንም አይገባም። በጎኑ አስተኝቶ ከሚጎዳው ነገር ማራቅ ነው። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ፣ በፍጥነት ወደ ሕክምና። የሚወስደው ኪኒን ካለ ብልቃጡም አብሮ ይሂድ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ልመና አለን። ከውጭ አገር ወገን ስታስቡ ኪኒን በሻንጣ አትላኩልን፤ ፍቅራችሁን እናውቃለን። በዚያ ፈንታ ለማኅበራዊ ፈንዱ ብትልኩ፣ አንዲት እናት ባሏን ወይም ልጇን ይዛ ሐኪም ፊት ትቀርብበታለች። እያንዳንዱ ብር የት እንደገባ እንደ ወትሮው በዓመቱ መጨረሻ በሪፖርት እናሳያችኋለን።

ያቺን የ3,000 ብር መስመር ከመዝገቡ አልሰረዝናትም። በሂሳብ ሥራ ስህተት አይፋቅም፤ ከሥሩ ማረሚያ ይጻፍበታል። ይህ የዛሬው ንግግር ማረሚያችን ነው።